ዓባይ በደጃችን፥ ዜማው በሰው አገር

ሙግታችን አንድ ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፈረንጅ ሬዲዮ ያገኛቸው ብርቅ አይደሉም፤ የኛ የዜማ ደራሲ ናቸው። ስለዚህ ሥራቸው መሰማት፥ መጠናትና መተቸት ያለበት ከሁሉ አስቀድሞ እዚሁ አገራቸው ነው። «ይሄ ደግሞ ማንን ያከራክራል?» የሚል አይጠፋም። ያከራክራል! በቅርቡም አከራክሯል።

ለሥነ ጽሑፍ ምሽት ዝግጅት ስንመካከር የእማሆይን ፒያኖ እናሰማ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሐሳቡ ገና ከአፍ ሳይወጣ ተቃውሞው ከሦስት ማዕዘን ዘነበ። አንደኛው «ዋሽንትና ማሲንቆ እያለልን፥ ፒያኖ ምናችን ነው?» አለ። ሁለተኛው «መነኩሲት በዘፈን መሣሪያ! ተዉ፥ ነውር ነው» አለ። ሦስተኛው ድምፁን ከፍ አድርጎ «የመኳንንት ልጅ የሳሎን ሙዚቃ ለሰፊው ሕዝብ ምን ይፈይዳል?» ሲል ደመደመ። አራተኛም ነበር። እሱስ ደጋፊ ነው፤ «ኧረ ተዉ፥ ጃዝ እኮ ነው! ፈረንጆቹ አብደውላቸዋል!» አለን። እውነቱን ለመናገር፥ ከሦስቱ ተቃዋሚዎች ይልቅ ያንገበገበን ይሄ ደጋፊ ነው። ለአራቱም በየተራ እንመልሳለን።

በመጀመሪያ ግን እማሆይን እንወቃቸው፤ ሳያውቁ መደገፍና ሳያውቁ መንቀፍ ያው አንድ ነውና።

የዓለም ስማቸው የውብዳር ነው፤ ታኅሣሥ 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ አውሮፓ የተማሩ፥ ጎንደርንም አዲስ አበባንም በከንቲባነት ያገለገሉ ሰው ነበሩ። እኅታቸው ስንዱ ገብሩ ኋላ ደራሲ፥ የፓርላማም የመጀመሪያዋ ሴት ተመራጭ ሆነዋል። የውብዳር በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ጋር ስዊዘርላንድ ተላኩ፤ ቫዮሊን የጀመሩት እዚያ ነው። አገራቸው ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ ጣልያን መጣ። እ.ኤ.አ. በ1937 ከነቤተሰባቸው ተግዘው ወደ አዚናራ ደሴት፥ ከዚያም ኔፕልስ አጠገብ ወዳለችው መርኮሊያኖ ተወሰዱ። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄደው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከሚባል ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ዘንድ ተማሩ፤ በቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይለማመዱ ነበር። (እዚህ ላይ ቆም እንበል። በፈተና ሰሞን እንኳ ዘጠኝ ሰዓት የሚቀመጥ ስንት አለን?)

ወደ አዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላ ለንደን ሄዶ ሙዚቃ የመማር ዕድል ተገኘ። ፈቃድ ግን ተነፈጉ። በሐዘን እህል አልቀምስም ብለው ከሞት አፋፍ ደርሰው ተረፉ። ከዚያ ወዲያ መሣሪያውን ሁሉ ትተው ግሸን ማርያም ገቡ፤ በ21 ዓመታቸው መነኰሱ፤ ዐሥር ዓመት ያህል በዚያ አምባ ላይ በባዶ እግራቸው ኖሩ። ግሸን ያለችው አምባሰል ውስጥ መሆኑን ልብ በሉ፤ ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ ስሙን የወሰደው ከዚያ አገር ነው።

ከአምባው ወርደው ወደ ፒያኖው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ያጠኑ ነበር። እዚያ ያዩትን በኋላ ራሳቸው ተናግረውታል። የዜማ ተማሪዎች፥ የቆሎ ተማሪዎች፥ ቁራሽ ለምነው እየበሉ በቤተ ክርስቲያን ደጅ መሬት ላይ ሲያድሩ አዩ። ለነዚያ ልጆች የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ሙዚቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የመጀመሪያው ሸክላቸው በጀርመን አገር ታተመ፤ ዓላማውም ችግረኞችን መርዳት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በኢትዮጵያውያን ገዳም ኖሩ። መጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው እዚያው ዐረፉ።

አሁን ወደ ሙግቱ።

«ፒያኖ የኛ አይደለም።» እሺ፥ አይደለም። ሳክስፎንስ? ጥላሁን ገሠሠን ያጀበው የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሳክስፎን የበቀለው በየትኛው የዓባይ ዳር ነው? እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ መሣሪያቸውን ይዘው ገቡ፤ ብዙም ሳይቆይ መሣሪያው አማርኛ ለመደ። እስካሁን ሰርግ ላይ «ይሄ ትራምፔት ባዕድ ነው፥ አልጨፍርም» ብሎ የተቀመጠ ሰው አላየንም። ሳክስፎን አማርኛ ከቻለ ፒያኖን ምን አንደበቱን ያዘው?

«ሙዚቃ በኖታ መጻፉስ የፈረንጅ ነገር አይደለም ወይ?» የሚል ካለ ከመስኮታችን ወደ ሐይቁ ይመልከት። ታና ቂርቆስ እዚያ ማዶ አለች፤ ቅዱስ ያሬድ ሁለት ዓመት ተቀምጦ አስተማረባት ሲሉ አባቶች ይተርካሉ። ግዕዝ፥ ዕዝል፥ አራራይ ብሎ ዜማን በሦስት የከፈለ አገር፥ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል የዜማን ምልክት በፊደል ያደራጀ አገር፥ ዜማ በመጻፉ ሊደነግጥ አይገባውም። ዜማን መጻፍ ከኛ የራቀ ነገር ሆኖ አያውቅም።

ነገሩን በሩቅ ምሳሌ ደግሞ እንየው፤ ከቼኮች። ቤድሪክ ስሜታና የሚባል የዜማ ደራሲ አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1824 ተወልዶ በ1884 የሞተ። በዘመኑ አገሩ በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ሥር ስለነበረች የተማረው በጀርመንኛ ነው፤ ደብዳቤውንም የሚጽፈው በጀርመንኛ። የራሱን የቼክኛ ቋንቋ አጥብቆ መማር የጀመረው ሠላሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ፒያኖውን የፈጠረው ጣልያን ነው፤ ቼኮች አይደሉም። ትልቁ ዜማው እንኳ ከአንድ ጥንታዊ የኢጣልያ ዜማ ጋር ይዛመዳል እየተባለ ይነገራል። እስቲ ዛሬ ፕራግ ከተማ ሄዳችሁ «ስሜታና የናንተ አይደለም» በሏቸው! የአገሩ ልጅ ያደረገው የመሣሪያው ዘር አይደለም፤ የዘመረለት ነገርና ያዳመጠው ሕዝብ ነው።

እማሆይንም በዚሁ ሚዛን መዝኗቸው። ግራ እጃቸው ረጋ ብሎ ይራመዳል። ቀኝ እጃቸው አንዷን ድምፅ ይዞ ያንቀጠቅጣታል፥ ይጠመዝዛታል፥ ይመለስባታል፤ ማሲንቆ ሲያለቅስ የሰማ ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል። ምቱ እንደ ወታደር ሰልፍ አይቆጠርም፤ ትንፋሽ እስኪያልቅ ይለጠጣል፥ እንደገና ይሰበሰባል፤ ማሕሌት የቆመ ሰው ይህንንም ያውቀዋል። አምስት ድምፅ ባለው ቅኝታችን ላይ ስዊዘርላንድና ካይሮ የተማሩትን የጣት ጥበብ አለበሱት። ይህን «ባዕድ» ብሎ መግፋት የራስን ልጅ የለበሰውን ካፖርት አይቶ ከደጅ መመለስ ነው።

ሁለተኛው ተቃዋሚ በቅንነት እንደተናገረ እናምናለን፤ ስለዚህ በአክብሮት እንመልስለታለን። ፒያኖ ቅዳሴ ውስጥ ይግባ ያለ የለም። የጠየቅነው በአንድ የተማሪዎች ምሽት ላይ የአንዲት መነኩሲት ሥራ ይሰማ ብለን ነው። የሥራቸውን ርእሶች ወደ አማርኛ ስንመልሳቸው «ጎልጎታ»፥ «የዮርዳኖስ ወንዝ»፥ «የእናት ፍቅር» የሚሉ ናቸው። ነውሩ ከየት መጣ? ዐሥር ዓመት በባዶ እግር ግሸን ላይ የቆሙ እናት ጣታቸውን ለነዳያን ሲሉ ከፒያኖ ላይ ቢያሳርፉ፥ ነውሩ ከጣታቸው ነው ወይስ ከኛ ጆሮ?

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል፤ ቀልደን አናልፈውም። አዎ፥ የከንቲባ ልጅ ነበሩ። በዚያ ዘመን የገበሬ ልጅ በስድስት ዓመቷ ስዊዘርላንድ አትላክም፤ ከብት ትጠብቃለች፥ ውሃ ትቀዳለች፥ ትዳራለች። ጎጃም ውስጥ፥ በጌምድር ውስጥ፥ ያንን የመሰለ ጆሮ ይዘው ተወልደው እንስራ ተሸክመው የሞቱ ስንት ሴቶች እንደነበሩ ማን ቆጠረ? ይህን ጥያቄ የሚያነሣ ሰው ከኛ ጋር ነው።

ግን እስከ መጨረሻው ይጠይቀው! የመኳንንት ልጅም ሆነው ለንደን የሚያስኬደው በር ተዘጋባቸው። ማዕረግ ያለውን ቤት ልጅ ያንን ያህል ያቆመ በር የድሃዋን ልጅ ምን ያደርጋት ነበር? መልሱ የእማሆይን ሙዚቃ መጣል አይደለም፤ በሩን ማስከፈት ነው። ከስሜታና ቀጥሎ የመጣው ድቮርዣክ የሥጋ ሻጭ ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1875 የኦስትሪያ መንግሥት ለድሃ ወጣት ከያንያን የሚሰጠውን ድጎማ አገኘ፤ ከዚያ በኋላ ዓለም ሰማው። የሥጋ ሻጭ ልጅ መንገድ ሲከፈትለት ያን ያህል ከሄደ፥ እኛ የምንጮኸው ለመንገዱ ነው መሆን ያለበት።

ደግሞስ «ሰፊው ሕዝብ» የምንለው ማንን ነው? የቆሎ ተማሪ ከዚያ ሕዝብ ውጪ ነው እንዴ? ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ፥ ከውሻ ጋር እየታገለ የሚማር ልጅ ነው። እኛ ደወል ሲደወል ሳህን ይዘን እንሰለፋለን፤ ወጡ ቀጠነ ብለን እናጉረመርማለን። እሱ ግን «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ካልለመነ አያድርም። እኛ በስብሰባ ላይ ስለ ድሃ ስንናገር እማሆይ ለዚህ ልጅ ሲሉ ሙዚቃቸውን አሳተሙ። የዜማ ተማሪን ረኀብ አይቶ ዜማ ያዋጣ ሰው እንዴት «የሳሎን» ይባላል? ሳሎን ተቀምጠን የምናወራው እኛ እንዳንሆን እንፍራ።

«አገር ጥለው ሄደው» የሚልም ሰምተናል። ይህን የሚል ሰው እ.ኤ.አ. በ2024 ከሞታቸው በኋላ የወጣውን የድምፅ ቅጂ ያዳምጥ። በደርግ ዘመን ለብቻቸው ሆነው በካሴት የቀዱት ነው፤ በአማርኛ፥ በራሳቸው ድምፅ ይዘምራሉ። የሚያለቅሱት ስለ አገር ነው። መድረክ አልነበረም፥ ጭብጨባ አልነበረም፤ ሴትዮዋና ፒያኖው ብቻ። አገሩን የጣለ ሰው ለማንም በማይሰማበት ጓዳ ስለ አገሩ አይዘምርም።

አሁን ወደ ደጋፊያችን። «ጃዝ ነው!» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባለው ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» በተባለው የሸክላዎች ስብስብ 21ኛ ቁጥር ላይ ሥራቸውን አወጣ፤ ዓለም የሰማቸው ከዚያ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ኢየሩሳሌም ውስጥ ማያ ዱኒትዝ የተባለች ሙዚቀኛ በደከመችበት ሥራ ኖታቸው በመጽሐፍ ታተመ። እነዚህን ሰዎች እናመሰግናለን፤ ባይነሡ ኖሮ ብዙው ነገር በካርቶን ውስጥ ይቀር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የእንግሊዝ ሬዲዮ፥ ቢቢሲ፥ ስለ እሳቸው ፕሮግራም ሠራ፤ ያወጣለት ስም ግን «ሆንኪ ቶንክ መነኩሲት» የሚል ነው። ሆንኪ ቶንክ ማለት በአሜሪካ መጠጥ ቤት ጥግ የሚንኳኳ ፒያኖ ማለት ነው።

እንግዳ ሰው ያላየውን ነገር በሚያውቀው ስም ይጠራል። እንጀራን ያየ ፈረንጅ «የኮመጠጠ ቂጣ» ቢል አንቀየመውም። ጉዱ የሚመጣው እኛ ራሳችን እቤታችን ገብተን «እማዬ፥ ያንን የኮመጠጠ ቂጣ አቅርቢልኝ» ስንል ነው! አምስት ድምፅ ያለው ቅኝት ለአሜሪካ ጆሮ ብሉዝ ይመስለዋል፤ ይምሰለው። ለኛ ግን ትዝታ ነው፥ ባቲ ነው፥ አንቺ ሆዬ ነው፥ አምባሰል ነው፤ ከዚያም አልፎ የያሬድ ዜማ ነው። ስሙን የምናውቀውን ነገር ስሙን በማያውቅ ሰው አፍ መጥራት ትሕትና አይባልም።

ይህን ሁሉ የምንለው ባሕር ዳር ላይ ቁመን ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ለምን?

ስሜታና እ.ኤ.አ. በ1874 ጆሮው ፈጽሞ ደነቆረ። በዚያው ዓመት፥ ምንም ሳይሰማ፥ ስለ አገሩ ትልቅ ወንዝ ስለ ቭልታቫ አንድ ዜማ ደረሰ። ወንዙ ከሁለት ትንንሽ ምንጮች ይነሣል፤ በጫካ፥ በገጠር ሰርግ አጠገብ፥ በጨረቃ ብርሃን ያልፋል፤ ከቋጥኝ ጋር ይታገላል፤ በመጨረሻም ገዝፎ ፕራግ ይገባል። ዜማው «አገሬ» ከሚለው ስድስት ክፍል ካለው ሥራው አንዱ ነው። ፕራግ ውስጥ በያመቱ በስሜታና ሙት ዓመት ቀን፥ ሜይ 12፥ የከተማዋ የሙዚቃ በዓል በዚህ ሥራ ይከፈታል። ራፋኤል ኩቤሊክ የሚባል የኦርኬስትራ መሪ እ.ኤ.አ. በ1948 ተሰዶ ከ42 ዓመት በኋላ በ1990 አገሩ ሲገባ በዓሉን የከፈተው ይህንኑ ሥራ መርቶ ነው። ስደተኛ ወደ ቤቱ ሲመለስ የተቀበለው ወንዙ ነው።

የኛስ ወንዝ? ከሰከላ፥ ከግሽ ዓባይ ይነሣል፤ ግልገል ዓባይ ተብሎ ታና ይገባል፤ ባሕር ዳር ላይ ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ጢስ ዓባይ ይወርዳል። ስሜታና ቢያየው ኖሮ ምራቁን ይውጥ ነበር! እማሆይም ስለዚህ ወንዝ ደርሰዋል። «የዓባይ መዝሙር» የሚባል የፒያኖ ሥራ አላቸው፤ በዚያው በ2006ቱ ስብስብ ውስጥ ከ«ዮርዳኖስ ወንዝ» ጋር ይገኛል። ዮርዳኖስና ዓባይ በአንዲት መነኩሲት ጣት ላይ ጎን ለጎን!

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ዜማ ሰምተኸዋል? ሰምተሽዋል? በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር ድልድይ በእግር እየተሻገርን ፎቶግራፍ እንነሣለን። ወንዙ «ግዮን» ነው እንላለን፥ ቅኔ እንዘርፍለታለን፥ እንፎክርበታለን። ወንዙን በፒያኖ የዘመረው ሥራ ግን ፓሪስ ታትሞ፥ ኖታው ኢየሩሳሌም ተዘጋጅቶ፥ ሌላው ሥራቸው የአሜሪካ ፊልም አጅቦ፥ ዓባይ ከታና በሚወጣበት ከተማ ስሙን የሚጠራው ስንት ሰው ነው? ዓባይ ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል፤ ማደሪያ የለውም። ዜማውንም ማደሪያ ልንነሣው ነው?

እንግዲህ መጮህ ብቻ አይበቃም፤ የምንለውን እንበል። በያመቱ መጋቢት፥ እማሆይ ባረፉበት ወር፥ በሐይቁ ዳር ተሰብስበን «የዓባይን መዝሙር» እናዳምጥ። ፒያኖ የለም ብሎ መቀመጥ ስንፍና ነው፤ ለጅምሩ ስልክና አንድ ድምፅ ማጉያ ይበቃል። ሁለተኛ፥ በየክፍላችን ድጓና ዝማሬ የተማሩ፥ ምልክት የሚያነቡ ልጆች አሉ፤ ኖታ የሚያነቡም አሉ። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ወንበር ተቀምጠው የእማሆይን ሥራ ይመርምሩት፤ የቱ ጋ ያሬድ እንዳለ፥ የቱ ጋ ካይሮ እንዳለ ለይተው ይንገሩን። ይህን ጥናት ከኛ የተሻለ ሊሠራ የሚችል ሰው በዓለም ላይ የለም፤ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ጎን ለጎን ያሉት እዚህ ነውና። ሦስተኛ፥ ሥራቸው ይተች። ይደጋገማል የሚል ይጻፍ፥ ይጎድለዋል የሚል ይጻፍ። ሳይሰሙ ማወደስ የመቃብር አበባ ነው፤ ሰምቶ መተቸት ግን ደራሲን በሕይወት ያኖራል። አራተኛ፥ ከዚያ ምሽት ሳንቲም ከተዋጣ የሚሄደው ወደ አንድ የአብነት ጉባኤ ቤት ይሁን። ዕዳው የማን እንደሆነ እማሆይ አስቀድመው አሳይተውናል።

ሦስቱ ተቃዋሚዎቻችንና አንዱ ደጋፊያችን መልስ ካላቸው የሚቀጥለው እትም ገጽ ክፍት ነው። የምንለምናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብዕር ከማንሣታቸው በፊት ዜማውን አንድ ጊዜ ያዳምጡት።